ዶሮና በግ ለሚያጠፋ አውሬ የቱ ይሻላል? ጠንካራ ቤት፣ ውሻ፣ ወጥመድ፣ መርዝ ወይስ ጠመንጃ

የምኖረው ቀበና ወንዝ ዳር ነው። ከአራት ኪሎ በእግር የሚደረስበት ሰፈር ነው። ቀን የታክሲ ረዳት ጥሪ ይሰማል። ሌሊት ከወንዙ በኩል ጅብ ይጮኻል። ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ፣ ለእንቁጣጣሽ ብዬ ካሳደግኳቸው ሰባት ዶሮዎች አራቱን በአንድ ሌሊት አጣሁ።

ጠዋት ስወጣ ግቢው ላባ በላባ ሆኗል። ሁለቱ ጭራሽ አልተበሉም፤ ተነክሰው ተጥለዋል። ደሜ ፈላ። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ከጎን ያሉት እማማ «ሸለምጥማጥ ነው ልጄ፣ ሌላ ማን ሊሆን!» አሉ። የሰፈራችን ዘበኛ ጋሼ ደግሞ ጅብ ነው ብለው ድርቅ አሉ። አንድ ወጣት «ወጥመድ ልሥራልህ» አለኝ። ሌላው «ምን አለፋህ፣ ትንሽ ሥጋ ላይ መርዝ አድርግና ተኛ» አለ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት የጣፈጠኝ የመጨረሻው ምክር ነበር።

መርዙን አላደረግሁም። ከዚያ በኋላ የተነገረኝን ሁሉ አንድ በአንድ ስመዝን፣ ስጠይቅና ስሞክር ከረምኩ። በመሃል ከተማ ዶሮ፣ በግ ወይም ላም ለምታሳድጉ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

በምን እንመዝን?

ሰው ንዴት ላይ ሆኖ ሲመርጥ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይገድላል ወይስ አይገድልም። እኔ ስድስት ነገሮችን አያለሁ።

አንደኛ፣ ጉዳቱን ያቆማል ወይ? ለአንድ ሳምንት ሳይሆን ለዓመት። ምግቡ ባለበት ከቀረ አንዱ አውሬ ሲሞት ሌላው ቦታውን ይይዛል። ሁለተኛ፣ ያላሰብነውን እንስሳ ይይዛል ወይ? ሦስተኛ፣ የተያዘው ምን ያህል ጊዜ ይሠቃያል? አራተኛ፣ ለልጆችና ለጎረቤት አደጋ አለው? አምስተኛ፣ ሕጉ ምን ይላል? ስድስተኛ፣ ወጪውና ልፋቱ።

ለእኔ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይበልጡብኛል። ዶሮዬን የበላው ሌላ ሆኖ ሌላው ቢሞት፣ ሁለት ጥፋት ሆነ እንጂ የመጀመሪያው አልተካሰም።

ስለ ሕጉ በአጭሩ። የዱር እንስሳት ሕጉ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ጠመንጃን በተመለከተ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። «በግቢዬ የገባ የእኔ ነው» የሚባል ነገር የለም።

መጀመሪያ ማን እንደሆነ እወቁ

ከአማራጮቹ በፊት ይህ ይቀድማል። ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ስህተቱ ሁሉ የሚጀምረውም እዚህ ነው። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ!

እኔ ያደረግሁት ቀላል ነው። የከሰል ምድጃ አመድ በወንፊት ነፋሁ። ማታ ዶሮ ቤቱ በር ላይና አጥሩ ሥር ባለው ክፍተት ላይ በስሱ በተንኩት። ጠዋት አመዱ የገባውን ሁሉ ይናገራል። የክረምት ዝናብ ካስቸገረ ቆርቆሮ ከለላ አድርጉለት።

የጅብ ዱካ ትልቅ ነው። አራት ጣት፣ ጥፍሩ የሚታይ፣ የፊቱ እግር ከኋላው የሰፋ። ጅብ የበላበት ቦታ ብዙ ነገር አይተርፍም፤ አጥንቱንም ይሰብረዋል። አጥንት ስለሚበላ ኩሱ ሲደርቅ ነጭ ይሆናል። የውሻ ዱካም ጥፍሩ ይታያል፤ ግን ያንሳል። ውሻ ብዙ ዶሮ ነክሶ ሳይበላ ጥሎ መሄድ ይወዳል። የሸለምጥማጥ ዱካ ትንሽና ክብ ነው፤ የድመት ይመስላል፣ ጥፍሩም ብዙ ጊዜ አይታይም። አንገትና ጭንቅላት ላይ ይነክሳል። በዛፍና በጣራ ላይ ስለሚሄድ የመግቢያ ቀዳዳውን መሬት ላይ ብቻ አትፈልጉ። እንቁላል ተሰብሮ ከተገኘና የተቆፈረ አፈር ካለ ፋሮን ወይም አይጥን ጠርጥሩ። ጫጩት በጠራራ ፀሐይ ከጠፋ ደግሞ ጭልፊት ሳይሆን አይቀርም።

ላባውንም እዩ። በጥርስ የሚበላ አውሬ ላባውን ይቆርጠዋል፤ ግንዱ የተቀጨ ይሆናል። ጭልፊት ግን ይነቅለዋል፤ ግንዱ ሙሉ ነው።

በሦስተኛው ጠዋት የእኔ አመድ ላይ የተገኘው የውሻ ኮቴ ነበር። የአንድ ጎረቤት ውሻ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጭራውን እየቆላ ሰላም የሚለኝ። እማማ የጠረጠሩት ሸለምጥማጥ እጁ የለበትም። ጅቡም የለበትም። ያን መርዝ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ማንን እገድል እንደነበር ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

ጠንካራ ቤት

በስድስቱም መለኪያ የሚያልፈው ይህ ብቻ ነው። ማንንም አይገድልም። ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። አንዴ ወጪ ካወጣችሁ ዓመታት ያገለግላል። ግን በደንብ መሠራት አለበት፤ ብዙዎቻችን የምንሠራው ዶሮዋ እንዳትወጣ እንጂ አውሬው እንዳይገባ አይደለም።

ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ዶሮ ይይዛል፤ ውሻ ግን ይቀደዋል። የተበየደ፣ ወፈር ያለ የሽቦ መረብ ግዙ። ቀዳዳው ከጣት ውፍረት አይለፍ። የሸለምጥማጥ ጭንቅላት ካለፈ ገላውም ያልፋል። መረቡን 30 ሴንቲሜትር ያህል መሬት ውስጥ ቅበሩት፤ ወይም ወደ ውጭ አጥፋችሁ መሬት ላይ አንጥፉትና ድንጋይ ጫኑበት። የሚቆፍር አውሬ ግድግዳው ሥር ጀምሮ ነው የሚቆፍረው። መረቡን ሲያገኝ ወደ ኋላ ርቆ መጀመር አይመጣለትም።

አሁን ጣራውን እዩ። ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ ሲያርፍ በሞገዱ ሥር ክፍተት ይቀራል። እኛ አናየውም፤ አይጥና ሸለምጥማጥ ግን ያዩታል። በመረብ ወይም በጭቃ ድፈኑት። በሩን በሽቦ ማሰር ይቅር። ሁለት መቀርቀሪያ አድርጉ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ዶሮዎቹ ገብተው ይዘጋ። አንድ ቀን ተረስቶ ካደረ የዓመቱ ልፋት ገደል ይገባል።

መረቡንና አሮጌ ብረቱን መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትዞሩ ከአዲስ በቀነሰ ዋጋ ታገኛላችሁ። የሰፈር በያጅ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል።

በግ ያላችሁ ደግሞ ሌሊት ካስማ ላይ አትተዉት። የታሰረ በግ መሸሽ እንኳ አይችልም። ጅብ እስከ 80 ኪሎ ሊመዝን የሚችል አውሬ ነው፤ መንጋጋው የበሬ አጥንት ይሰብራል። በሥሩ የበሰበሰ የእንጨት በር ለእሱ በር አይደለም። በጉን አንድ ክፍል ውስጥ፣ ካልሆነም የብረት በር ያለው ማዕድ ቤት ውስጥ አሳድሩት።

ማባበያውን ማንሳት

ይህ ምንም ብር አይጠይቅም። ስለዚህ ይሆናል ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው።

በትግራይ ተደርጎ በ2004 ዓ.ም. በታተመ ጥናት የጅብ ኩስ ተሰብስቦ ተመርምሮ ነበር። በዐቢይ ጾም ወቅት የአህያ ፀጉር የተገኘበት ኩስ ከጾሙ በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው ሲጾም አጥንትና ትርፍራፊ አይጣልም፤ ጅቡም ወደ ቁም ከብት ይዞራል። ይህን ወደ እኛ አምጡት። በጾሙ ብዙ ሥጋ ቤት ይዘጋል። ጾሙ ሊያልቅ ሲል፣ ጅቡ በራበው ሰዓት፣ በየግቢው የፋሲካ በግ ይታሰራል።

ከበዓል በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጨጓራው፣ አንጀቱ፣ አጥንቱ ወንዝ ዳር ይጣላል። አያ ጅቦን ጠርተን መንገዱን ካሳየነው በኋላ ለምን መጣህ ብለን እንናደዳለን። ትርፍራፊውን አርቃችሁ ቅበሩ፤ ወይም መኪናው እስኪመጣ ክዳን ባለው በርሜል አቆዩ። የዶሮ መኖም ሌሊት ውጭ አይደር፤ አይጥ ይጠራል፣ አይጥ ደግሞ ሸለምጥማጥን ይጠራል።

ጅብ ጥቅም አልባ እንዳልሆነም ልብ በሉ። በመቀሌ የተደረገ ጥናት ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ቅሪት እንደሚያስወግዱ፣ በዚህም አባሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይተላለፍ እንደሚያግዙ ገምቷል።

ውሻና ዘበኛ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ውሻን ትንሽ ይበድላል። ጥሩ ውሻ ጅቡ ሳይደርስ ይጮኻል፤ ሰውን ይቀሰቅሳል። ከዚያ በላይ አትጠብቁ፤ ብቻውን ጅብ አይገጥምም፤ ከገጠመ ይበላል። ሌሊት ግቢ ውስጥ ይሁን፣ ውጭ አይለቀቅ። የእኔን ዶሮ የጨረሰው ሌሊት የተለቀቀ ውሻ ነው። በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡት። መኖው ወር በወር የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ ያንን ሳያሰሉ ውሻ መያዝ ውሻውን መበደል ነው።

መብራት ለጥቂት ቀን ይሠራል። የከተማ ጅብ መብራት ለምዷል። ሰፈሩ በጋራ ዘበኛ ካለው መብራቱ የሚጠቅመው ለዘበኛው ነው።

የሳጥን ወጥመድ

ሕይወቱን ሳያጠፋ የሚይዝ የሽቦ ሳጥን ነው። እንስሳው ገብቶ መርገጫውን ሲረግጥ በሩ ይዘጋል። ብዙ ሰው ንጹሕ መፍትሔ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር።

ሙያው እንዲህ ነው። ሳጥኑ በግድግዳ ጥግ፣ እንስሳው በሚመላለስበት መስመር ላይ ይቀመጣል። ሥጋ ካደረጋችሁ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ይገባል። እንቁላል ይሻላል። ግማሹ በጆንያ ይሸፈን፤ የተያዘው ጨለማ ሲያገኝ ይረጋጋል። በዝናብ አይጠመድም። ማታ አንዴ፣ ንጋት ላይ አንዴ መታየት አለበት። ሌሊት ተነስቶ ማየት የማይችል ሰው አያጥምድ። እጅ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ጓንትም ቢኖር።

ችግሩ የሚጀምረው ከተያዘ በኋላ ነው። የት ትወስዱታላችሁ? እንጦጦ ጫካ ወስዶ መልቀቅ ደግነት ይመስላል። ግን እንስሳው ውኃውንና መደበቂያውን በማያውቀው፣ ሌላ ባለቤት ባለው ቦታ ነው የሚወድቀው። ጡቷ ያበጠ እናት ከሆነች ደግሞ ልጆቿ ቀበና ላይ በረሃብ ያልቃሉ። እንዲህ ያለች ከተያዘች ያኔውኑ፣ እዚያው ትለቀቅ።

በሕይወት ያዝኩት ማለት አልጎዳሁትም ማለት አይደለም። ጥርኝን አስቡ። ለሽቶ መሥሪያ ወደ ውጭ የሚላከው ዝባድ ከእሱ የሚገኝ ነው። ከዱር የተያዘ ወንድ ጥርኝ ጠባብ ሳጥን ውስጥ እየኖረ ዝባዱ በየጊዜው ይወሰድበታል። አይሞትም። ኑሮው ግን ያው ሳጥኑ ነው።

ስለዚህ የሳጥን ወጥመድ ለአንድ ነገር ይሆናል፤ ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ መውጣት ላቃተው። ይዛችሁ እዚያው ግቢ ውጭ ትለቁትና ቀዳዳውን ትደፍናላችሁ። ያለፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ ማቆየት ግን አይቻልም። በዚህ ላይ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

አሽክላና የብረት ወጥመድ

አሽክላ የገመድ ወይም የሽቦ ሸምቀቆ ነው። እንስሳው በታገለ ቁጥር ይጠብቃል። አንገት ቢይዝ ቀስ ብሎ ያንቃል፤ ወገብ ቢይዝ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይቆርጣል። እግር የሚቆነጥጠው የብረት ወጥመድ አጥንት ይሰብራል። የተያዘው እንስሳ ብረቱን እየነከሰ ጥርሱን ይጨርሳል። የአውሮፓ ኅብረት እግር ቆንጣጩን ወጥመድ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ደንብ ከልክሎታል።

ርካሽ ነው። ማንም ይሠራዋል። ግን ሸለምጥማጥን ከድመት፣ ጅብን ከውሻ አይለይም። ወንዝ ዳር የሚጫወት ልጅንም አይለይም። መሃል ከተማ ውስጥ ቦታ የለውም።

መርዝ

እዚህ ላይ አላለሳልስም። አታድርጉት።

የውሻ መርዝ ተብሎ የሚታወቀው ስትሪክኒን ጡንቻን ያንቀጠቅጣል፤ እንስሳው እያወቀ፣ እየተገተረ፣ መተንፈስ አቅቶት ይሞታል። የተለመደው የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ሞቱ ቀናት ይፈጃል፤ ውስጥ ውስጡን ይደማል። በነዚያ ቀናት የተመረዘው አይጥ ቀስ እያለ ይሄዳል። ድመት ይበላዋል። ጉጉት ይበላዋል። ከዚያ በኋላ አይጡን የሚይዝላችሁ ማን ይቀራል? ለተባይ የተሠራ የእርሻ ኬሚካል ሥጋ ላይ የሚያደርግም አለ። እሱ ደግሞ የነካውን ሰውም ሊገድል ይችላል።

የሞተው እንስሳ ሬሳም ራሱ መርዝ ነው። ጥንብ አንሳዎች ይወርዱበታል። በአዲስ አበባ ሰማይ የምናያት ትንሿ፣ ፊቷ ቀላ ያለችው ጥንብ አንሳ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ውስጥ ተመዝግባለች። በአፍሪካ ለጥንብ አንሳዎች ማለቅ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ መርዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚደረገውም ለጅብና ከብት ለሚበሉ ሌሎች አውሬዎች ታስቦ ነው።

መርዝ የሚጣፍጠን ስለማናይ ይመስለኛል። ማታ ጥለን እንተኛለን። እንስሳው ሌላ ግቢ፣ ሌላ ቱቦ ውስጥ ሄዶ ይሞታል። ዓይኔ እያየ የማላደርገውን ተኝቼ ላደርገው አልፈልግም።

ጠመንጃና ፈቃድ ያለው አዳኝ

በድሮው ጊዜ አንበሳ ወይም ጎሽ የጣለ ሰው ግዳይ ጣለ ተብሎ ይፎከርለት ነበር። ያ ክብር ፊት ለፊት በመግጠሙ የመጣ ነው። ዛሬም የጥሩ አዳኝ ሙያ ከመተኮሱ በፊት ይታያል። ዒላማውን ለይቶ ያውቃል። ጥይቱ እንስሳውን ቢስት የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ያያል። በአንድ ምት እንደሚጥል እርግጠኛ ካልሆነ ይተዋል። ካቆሰለ ደግሞ ተከታትሎ ይጨርሰዋል፤ የቆሰለን ትቶ አይገባም።

ይህን መሃል አዲስ አበባ ላይ አስቡት። የጠመንጃ ጥይት ከኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከኋላ ግድግዳ አለ፣ ከግድግዳው ኋላ የተኛ ቤተሰብ አለ። የቆሰለ ጅብ ወንዙ ገደል ውስጥ ይገባል፤ ማን በጨለማ ይከተለዋል? ስለዚህ ይህ የግለሰብ ምርጫ አይደለም። ጅብ ሰው ላይ መድፈር ከጀመረ፣ በተለይ ልጆች ባሉበት፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ለወረዳውና ለፖሊስ አሳውቁ። ያ ጊዜ መግደል ግድ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሥልጣኑም ሙያውም ባለው ሰው እጅ ይሁን።

ጅብም ውሻም ድመትም ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በቀጥታ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

በአንድ ዓይን

| አማራጭ | ጉዳቱን ያቆማል? | ያልታሰበ እንስሳ ይጎዳል? | ስቃይ | ለሰው አደጋ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጠንካራ ቤት | አዎ፣ ለዓመታት | የለም | የለም | የለም | መጀመሪያ ላይ ከፍ ያለ |
| ትርፍራፊ ማንሳት | ይቀንሳል | የለም | የለም | የለም | ምንም |
| ውሻ | ይቀንሳል | ከተለቀቀ አዎ | ትንሽ | ካልተከተበ አለ | ወር በወር |
| መብራትና ዘበኛ | ለጊዜው | የለም | የለም | የለም | መካከለኛ |
| የሳጥን ወጥመድ | ለአንድ እንስሳ | አዎ፣ ግን ይለቀቃል | ካልታየ ብዙ | ትንሽ | መካከለኛ |
| አሽክላ፣ የብረት ወጥመድ | አይታወቅም | በጣም | ሰዓታት | አለ | ትንሽ |
| መርዝ | ለጥቂት ጊዜ | ከሁሉ የከፋ | ከደቂቃ እስከ ቀናት | ከፍተኛ | ትንሽ |
| ጠመንጃ | ለአንድ እንስሳ | በባለሙያ እጅ ትንሽ | በአንድ ምት ከሆነ አጭር | መሃል ከተማ ከፍተኛ | ፈቃድና ባለሙያ ይጠይቃል |

እንደየአቅማችሁ

ኪራይ ቤት ሆናችሁ ሦስት አራት ዶሮ ብቻ ላላችሁ፣ ትልቅ ቤት መሥራት አያስፈልግም። ማታ የምትከቷቸው አንድ ጠንካራ ሳጥን ይበቃል። አከራዩ ከፈቀደ ቤት ውስጥ፣ ካልሆነ በረንዳ ላይ። ያለችው ብር ለመቀርቀሪያው ትዋል።

የበዓል በግ ለአንድ ሳምንት የምታቆዩ ሰዎች ምንም አትግዙ። በሩ የሚዘጋ ክፍል ለምኑ፤ ጎረቤትም ቢሆን አይከለክላችሁም። ከእርዱ በኋላ ስለሚጣለው ግን ከእርዱ በፊት ተነጋገሩ።

የወተት ላም ያላችሁ፣ ጥጃዋ ናት የምታሰጋው። ከእናቷ ጋር በተዘጋ በረት ትደር። እዚህ ላይ በረትና ውሻ አብረው ቢሆኑ እመክራለሁ። ወጪውን ወተቱ ይችለዋል።

ጣራ ሥር ሸለምጥማጥ ለገባባችሁ፣ ግልገሎች እንዳሉ መጀመሪያ አዳምጡ። ካሉ እስኪያድጉ ጥቂት ሳምንት ታገሱና ሌሊት ሲወጡ ቀዳዳውን ድፈኑ።

እኔ የውሻውን ባለቤት አነጋገርኩ። አፍሮ ሁለት ዶሮ ሊተካልኝ ፈለገ፤ በእሱ ፈንታ ውሻውን ማታ ማታ እንዲያስር ለመንኩት። ከዚያ ዶሮ ቤቱን እንደነገርኳችሁ አድርጌ ሠራሁት። አመዱን ግን አልተውኩም። ትናንት ጠዋት ትናንሽ ክብ ዱካዎች አገኘሁበት። በሩ ድረስ መጥተው፣ በግድግዳው ዙሪያ አንዴ ዞረው፣ ወደ አጥሩ ሄደዋል። እማማን ጠርቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩትና «እሱ ነው» አሉ። ሦስቱ ዶሮዎች ውስጥ እየተንጫጩ ነበር። በሩን ከፍቼ አወጣኋቸው።